የጋሽ ኸይሩ የክብሪት ቀፎዎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ንብ ነው የሚመስለው። ጣሳ ውስጥ የተዘጋ፣ የተቆጣ ንብ። ጊታሩን በቀጥታ ቴፑ ላይ ሰክተን ስንሰማው ግርማ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አልጋው ላይ ወረወረው።

"ኢንጂነሯ፣ አምስት ዓመት የተማርሽው ይሄን ነው?"

ወንድሜ ባይሆን ኖሮ በመበየጃው ነበር የምለው።

ተናድጄ ስለሆነ ነገሩ እንዳይምታታብኝ ከሥሩ ልጻፈው። ግርማ በቀበሌያችን ኪነት ጊታር ይመታል። እንጀራው ግን መጋዘን ውስጥ ከረጢት መቁጠር ነው። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ውስጥ የሚጫወት አንድ ባንድ ጊታር መቺው እንደለቀቀበት ሰምቶ ሄደ። የባንዱ መሪ፣ "የመጣውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አልሰማም። እስከ ሰኞ ጠዋት ካሴት አምጣ" ብሎ ሸኘው። ማክሰኞ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳሉ። የኪነቱ ኃላፊ ደግሞ ጊታሩንና አምፕሊፋየሩን እስከ ቅዳሜ አስር ሰዓት ብቻ ፈቀዱለት። ያውም አስፈርመው። "የሕዝብ ንብረት ነው፣ ጓድ ግርማ። አደራ።"

እኔ ሐምሌ ላይ ተመርቄ ምደባ እየጠበቅሁ ነው። በየሳምንቱ ሄጄ ሰሌዳ አያለሁ። ስሜ የለም። ዲግሪ አለኝ፣ በእጄ ሠርቼው የሠራ አንድ ዕቃ ግን የለኝም። ለዚህ ነው ሳልጠየቅ "እኔ እቀዳልሃለሁ!" ብዬ ደረቴን የነፋሁት።

እሑድ ጋሽ ኸይሩ ሞቱ።

ጋሽ ኸይሩ ራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። የእነሱ ቤትና የእኛ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው የሚለየው። መበየጃ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ። ትናንት ተቀበሩ። ከዚያ ወዲህ በመደዳው ራዲዮ የሚከፍት የለም። እማዬ የእኛን ዘግታ ነጠላ አለበሰችው። ግርማ አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ ሲገባ ከደጃፍ አስቆመችው፦ "እዚህ ቤት ጊታር ከጮኸ እኔ ወጥቼ እሄዳለሁ። ኸይሩ ላይ ነው የምትዘፍኑት?"

ልክ ናት። ግን ቅዳሜም ቅዳሜ ነው።

ያሰብናቸው፦
– የቀበሌው አዳራሽ። ቀን ስብሰባ፣ ማታ መሠረተ ትምህርት። አይሆንም።
– እንጦጦ ወጥቶ ባሕር ዛፉ ውስጥ መቅዳት። (የግርማ ሐሳብ።) "መብራቱን ከየት ልታመጣ ነው?" አልኩት። "እሱማ የአንቺ ሥራ ነው" አለኝ።
– ስፒከሩን በብርድ ልብስ መጠቅለል። እማዬ ብርድ ልብሷን ቀማችን።
– ስፒከርም ማይክም ሳይኖር፣ አየሩ ምንም ሳይሰማ፣ በሽቦ ብቻ መቅዳት። ይሄው፣ ንቡ።

ስፒከር ድምፅ ማጉያ ብቻ መስሎት ነው ሰው የሚሳሳተው። ወረቀቱና ሳጥኑ ሹል ሹሉን ይበላሉ፣ ለቀሪው ደረት ይሰጡታል። ያ ሲቀር ንብ ይቀራል። ስለዚህ ሳጥኑን የሚያስመስል ነገር በሽቦና ኤሌክትሪክ በሚያቁር ኮንደንሰር መሥራት አለብኝ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ወረቀት ላይ ሁሉም ቀላል ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ግርማ ሌላ ራስ ምታት ጨመረልኝ። "የኔ ድምፅ እኮ ከአምፕሊፋየሩ ነው። ሲግል ነው የሚጣፍጠው። እሱን ዘለሽ ከቀዳሽ ሌላ ሰው ነው የቀዳሽው።" እውነቱን ነው። አምፕሊፋየሩ አምፖል መሳይ ቫልቮች ያሉበት አሮጌ ነው። ግን ስፒከሩን ነቅለህ ብታስጮኸው ጉልበቱ የሚሄድበት ያጣና ውስጡ ይቃጠላል። ቢቃጠል ደግሞ የሕዝብ ንብረት ነው፤ "ተበላሸ" አይባልም፣ "ማን አበላሸው" ነው የሚባለው። ፊርማው የግርማ ነው።

ስለዚህ በስፒከሩ ቦታ ጉልበቱን ዝም ብሎ የሚጠጣ ነገር ያስፈልጋል። ግማሽ ቀን ፈለግሁ። ኤሌክትሪኩን የሚያግድ ሽቦ የትም የለም። እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ሳለ እማዬ በኤሌክትሪክ ምድጃዋ ሻይ ጣደች። ጠምዛዛው ሽቦ ቀስ እያለ ቀላ።

ሻዩ እስኪወርድ እንኳ አልታገሥኩም።

ለካሁት። ሩቡን ብቆርጠው ለአምፕሊፋየሩ ልክ እንደ ስፒከሩ ነው የሚሆንለት። ቆረጥኩት። እማዬ ያለችውን አልጽፈውም።

ሽቦውን በሸክላ ስባሪ ላይ ጠመጠምኩት፣ በስፒከሩ ቦታ አገናኘሁት፣ ግርማን "ምታ" አልኩት። መታ። ዝም! የክሩ ቅጭልጭልታ ብቻ። አምፕሊፋየሩ እስከ ጥግ ተከፍቶ እያገሳ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ዝንብ ይሰማል። የምድጃው ሽቦ ለብ አለ። ሁለታችንም ሳቅን፣ አፋችንን ይዘን። ከሽቦው ጫፍ ጥቂት ድምፅ ቆንጥሬ ወደ ቴፑ ወሰድኩ።

አሁን ንቡ ወፍሯል። አሁንም ግን ንብ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ዛሬ አራት ጊዜ ሠርቼ አራት ጊዜ አፈረስኩ። የግርማ ፍርድ፦

አንደኛው — "ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ በግ።"
ሁለተኛው — "አፍንጫውን ይዞ የሚያወራ ሰብሳቢ።"
ሦስተኛው — ማዳመጫውን አውልቆ ወጣ።
አራተኛው — "ከሦስተኛው ይሻላል፤ ሦስተኛው ግን ምን እንደሚመስል እንኳ አላወቅሁትም።"

ጥፋቱ ገብቶኛል። እኔ ሹሉን መቁረጥ ብቻ ነው የሠራሁት። ሳጥን ግን ከታች ያብጣል፣ ከላይ ትንሽ ይነሣል፣ ከዚያ እንደ ገደል ይወርዳል። የእኔ እንደ ዳገት እያዘገመ ነው የሚወርደው። ሁለተኛ የሽቦ ጥቅልና ሌላ ዓይነት ኮንደንሰር ካላገኘሁ አይሆንም። ኮተቤ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አንዱ ባለ ሱቅ፣ "እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ኸይሩ ጋ ነው የሚገኘው" አለኝ። መሞታቸውን አልሰማም። ነገርኩት። ቆቡን አወለቀ።

ከሰዓት ከእማዬ ጋር ለቅሶ ገባሁ። የጋሽ ኸይሩ ሚስት እትዬ ሩቂያ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የሟች ወንድም ሐጂ ከስልጤ መጥተው በሩ ላይ ናቸው። አንዷ ሴት ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ስትጀምር፣ "ጩኸት የለም፣ ዱአ ነው የሚጠቅመው" ብለው በቀስታ መለሷት። ተው ማለታቸው በክፋት አይደለም፤ ሥርዓታቸው ነው። እትዬ ሩቂያ እንባቸው ይወርዳል፣ ድምፅ የለውም። ከንፈራቸውን ነክሰው ይዘውታል። እኔ ደግሞ እፊታቸው ተቀምጬ ምን አስባለሁ? የጋሽ ኸይሩን የተቆለፈ ሱቅ። የኮንደንሰሩን መደርደሪያ። ራሴን ጠላሁት። ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ግርማ ሲያየኝ፣ "ጠየቅሽ?" አለኝ።

"አንተ ሂድና ጠይቅ።"

አልሄደም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

እትዬ ሩቂያ አስጠሩኝ።

"ቤታችሁ የሚበይድ ማነው?"

መበየድ ድምፅ የለውም ብዬ ነበር የተማመንኩት። እርሳሱ ሲቀልጥ የሚሸተውን ረስቼዋለሁ። ግድግዳው ስንጥቅ በስንጥቅ ነው።

"እኔ ነኝ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ትናንት ሽታው መጣ። ተነሥቼ በር ልከፍትለት ነበር።" ይህን ብለው በሩን አዩ። "ምንድን ነው የምትሠሪው?"

ነገርኳቸው። ካሴቱን፣ ቅዳሜን፣ ምድጃውን ሁሉ። "ድምፅ አይወጣውም፣ እምልልዎታለሁ" አልኩ። ስለ ምድጃው ሲሰሙ ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ሊመጣ ብሎ ተመለሰ። ከመቀነታቸው ቁልፍ ፈቱ።

"የሱ እጅ የነካው ዕቃ ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ አልፈልግም። የምትፈልጊውን ውሰጂ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሦስት ራዲዮኖች ብቻ እንዳትነኪ፤ የሰው ናቸው።"

ሱቁ እንደተተወ ነው። መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ እንደ መሳቢያ የተለጣጠፉ የክብሪት ቀፎዎች፣ ከመቶ ይበልጣሉ። አንዱን ሳብኩ፣ ቁጥሩን ፈለግሁ። ቁጥር የለም። በእጅ ጽሑፋቸው፦ "ጩኸት ገዳይ"። ሌላው፦ "የሚያወፍር"። ሌላው፦ "የቀጭን ድምፅ መድኃኒት"። "ሲዘንብ ለሚንሿሿ"። ትምህርት ቤት አልገቡም እኮ። በጆሯቸው ነው የለዩት። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ስደምርና ስቀንስ ከርሜ በግ ነው ያወጣሁት።

ከታች በኩል አንድ ቀፎ ላይ፦ "ትንሿን ራዲዮን ትልቅ የምታስመስል"።

ከፈትኩት። አንድ የሽቦ ጥቅልና ሁለት ኮንደንሰር፣ በክር ታስረው፣ ጫፎቻቸው ተበይደው ተዘጋጅተዋል። ሰው "የእኔ ራዲዮን ድምፅዋ የሕፃን ነው" እያለ ሲመጣባቸው የሚከቱላት ነገር ነበረቻ! የሌለ ሳጥን። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ ቆየሁ።

ሦስት ቀፎ ወሰድኩ። የወሰድኳቸውን ቀፎዎች ስም ወረቀት ላይ ጽፌ ተውኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጠዋት መብራት የለም። ሁለት ሰዓት የለም። ሦስት ሰዓት የለም። ግርማ ክፍሉ ውስጥ ሲንጎራደድ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እማዬ፣ "የቆረጣችሁት ምድጃ ነው የረገማችሁ" አለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ።

የጋሽ ኸይሩን ጥቅል ከእኔ ቅራቅንቦ ፊት አስገባሁት። ግርማ ማዳመጫውን አደረገ፣ አንድ ጊዜ መታ፣ እጁ ክሩ ላይ ቀረ።

"ምነው? ደግሞ ምን ሆነ?"

"ዝም በይ።" ደግሞ መታ። "ሳጥን አለ። ትርሲት፣ ሳጥን ውስጥ ነኝ።"

ከማክሰኞ ጀምሮ በስሜ ሲጠራኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ማዳመጫው አንድ ብቻ ስለሆነ እሱ ይሰማል፣ እኔ የቴፑን መርፌ አያለሁ። ሦስት ዜማ። በሁለተኛው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ማንጎራጎር ጀመረ። ማንጎራጎር እንኳ አይባልም፤ ጆሮው ስለተደፈነ የራሱን ድምፅ አይሰማም፣ ከሆዱ እያወጣ ያቃስታል፣ ያላዝናል። በእጄ ምልክት ሰጠሁት፣ አላየኝም። ላስቆመው አልኩ። ከዚያ መርፌውን አየሁ። ሲያቃስት አይንቀሳቀስም፣ ሲመታ ብቻ ነው። ማይክ የለማ! ቢያስነጥስም ቢወድቅም ካሴቱ ላይ አይገባም። ተውኩት። ሦስተኛው ዜማ መሐል ላይ ተሳስቶ እንደገና ጀመረ፣ ደግሞ ተሳሳተ፣ ደግሞ ጀመረ። በአራተኛው ሆነለት።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ የመጨረሻውን ሽቦ ነቅዬ ስፒከሩን ወደ ቦታው መለስኩ። አስር ሰዓት ላይ ኃላፊው ራሳቸው መጡ። አምፕሊፋየሩን ድምፁን በጣም ዝቅ አድርገው ሞከሩ፣ "ሰላም ነው" አሉና ከጊታሩ ጋር ተሸክመውት ሄዱ።

ሠራ። እጄ የሠራው ነገር ሠራ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

እንዴት ያለሁ ደንቆሮ ነኝ።

እማዬ ከእትዬ ሩቂያ ቤት ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ገብታ የግርማን ራስ ይዛ ሳመችው። "አንጀቱ የማይራራ ልጅ ወለድኩ ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።"

"ምን አደረግሁ?" አለ ግርማ።

"ትናንት ለኸይሩ ስታለቅስ በግድግዳው ተሰማ። ሐጂ 'ማነው በለቅሶ ቤት አጠገብ የሚዘፍነው?' ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ነበር። ሩቂያ ናት 'የጎረቤት ልጅ ነው፣ ለሱ እያለቀሰ ነው' ያለቻቸው። ተቀመጡ። እሷም ያን ስትሰማ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች አሉ፣ ሐጂም ዝም አሏት።"

ግርማና እኔ ተያየን።

ማይክ ስለሌለ የሚሰማ ሰው የሌለ መሰለኝ! ጆሮ የሚባለውን ነገር ረሳሁት። ግድግዳ የሚባለውንም።

ካሴቱን ከፍቼ በማዳመጫው ሰማሁት። ጊታሩ ብቻ ነው ያለው። ንጹሕ፣ ወፍራም፣ ደረት ያለው። ያ ሁሉ ማላዘን የለበትም። ከግድግዳው ወዲያ ያለቀሱት እትዬ ሩቂያም የሉበትም። ሥራዬ ያማረ ነው፣ ግን ቴፑን ዘጋሁት።

"እንሂድና እውነቱን እንንገራቸው" አልኩት።

"አብደሻል? በሐጂ ከዘራ ልትገድይኝ ነው? ደስ ብሏቸው የለ እንዴ፣ ተያቸው።"

"በሰው ሐዘን ላይ ውሸት አስቀምጠህ እንዴት ትተኛለህ?"

"አንቺ ነሽ ማቃሰቴን አይተሽ ዝም ያልሽው።"

ይሄኛው ልክ ነው። ስለዚህ ይበልጥ ተናደድኩ። ሳንነጋገር ዋልን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ካሴቱን ሁለታችንም ይዘን ወረድን። የባንዱ መሪ ቆሞ ነው የሰማው፣ ሻንጣ እያሳሰረ። አንዱን ዜማ ሳይጨርስ አጠፋው። ግርማ ፊቱ አመድ ሆነ። ሰውዬው ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ካሴቱ እያየ፣ "የት ነው ያስቀዳኸው? የማን ስፒከር ነው?" አለ።

"ስፒከር የለውም፣ እህቴ ናት" አለ ግርማ።

ሰውዬው ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ካሴቱን ኪሱ ከተተ። "ከድሬዳዋ ስንመለስ ብቅ በል።" ይሄ እሺ ነው? እምቢ ነው? በመንገዱ ሁሉ ተከራከርን። ግርማ እሺ ነው ይላል። እኔ ኪሱ መክተቱን ብቻ ነው የማምነው።

ሰፈር ስንደርስ ግርማ በራሱ ፍላጎት ወደ እነ እትዬ ሩቂያ በር ታጠፈ። ተከተልኩት። ሐጂ ትናንት ማታ ወደ አገራቸው ተሳፍረዋል። እትዬ ሩቂያ ብቻቸውን ናቸው። ግርማ ሳይቀመጥ ጀመረ።

"እትዬ፣ ቅዳሜ ዕለት የሰሙት… እኔ… ልቅሶ አልነበረም። ጆሮዬ ተደፍኖ…"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"ሰው ሲያለቅስ ተሳስቶ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል እንዴ? አራት ጊዜ ጀመርከው እኮ። አንዱን ቦታ መዝለል አቅቶህ። እኔ ራሴ በመጨረሻ 'አሁንስ ይለፋት በቃ' እያልኩ ነበር።"

እኔ መሬቱን አየሁ።

"ታዲያ ለሐጂ ለምን…?" አለ ግርማ።

"ከዘራውን አላየኸውም?" አሉ። ከዚያ ሻሻቸውን አስተካከሉ። "ደግሞ እኔም የምጮህበት ምክንያት ፈልጌ ነበር፣ ልጄ።"

ቀፎዎቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ አስቀመጥኩላቸው። አንዱን ብቻ፣ ትንሿን ትልቅ የምታስመስለውን፣ አንሥተው ጽሑፏን አዩ። ማንበብ አይችሉም። "ምን ይላል?" አሉ። አነበብኩላቸው። ደጋግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩ።

ልንወጣ ስንል ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው እንደገና እጄ ላይ አኖሩት።

"ያን ሦስት ራዲዮን ባለቤቶቹ እየመጡ ይጠይቁኛል። ሞተ ስላቸው እነሱም ያለቅሳሉ፣ ሄደውም ይመለሳሉ። ምደባሽ እስኪወጣ ሞክሪያቸው። ካልሆነልሽ እንዳልሆነልሽ ትነግሪያቸዋለሽ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ገና…"

"ቅዳሜ ያወጣሽውን ድምፅ አልሰማሁትም" አሉ፣ "አለመሰማቱን ግን ሰምቻለሁ።"

ከሰዓት ሄጄ ሰሌዳውን አየሁ። ስሜ ዛሬም የለም። እንደ ሌላው ጊዜ አልተናደድኩም፤ ምናልባት ነገ እናደዳለሁ። እማዬ "የምድጃዬን ሽቦ መልሺ" ትላለች። ቁልፉ ትራሴ ሥር ነው። የመጀመሪያዋ ራዲዮን ጀርባ ላይ በጋሽ ኸይሩ እጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ "ድምፅ አላት፣ መናገር ግን እምቢ ብላለች"። ከየት እንደምጀምር አላውቅም።